ሎሚ ለምን ስድስተኛ ወጣች?

የድሬዳዋው ከዚራ ማታ ማታ ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ ስታቃጥል የዋለችው ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ሰው ከዛፎቹ ስር ወጣ ወጣ ይላል። ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ልጅ ጋር እዚያው ተቀምጠን ጁስ እየጠጣን ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስልኳን አውጥታ ዐይኔ ላይ ደቀነችው።

«አጎቴ፣ እስቲ አንተ ፍረድ። ይቺ ውሻ ስድስተኛ ትወጣለች?»

ውሻዋ ሎሚ ትባላለች። ቢጫ ላብራዶር ናት። የምትኖረው ግን ስልክ ውስጥ ነው፤ ውሻ የሚራባበትና ለውድድር የሚቀርብበት ጌም አለ። ሎሚ ከስምንት ውሾች ጋር ቀርባ ስድስተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ደግሞ ዐይን የማይገባ ጥቁር ውሻ ነው።

«አቦ፣ ይሄ ጌም ያዳላል» አለች።

አያዳላም። ግን ጀማሪ ሁሉ የሚበሳጨው እዚሁ ላይ ነው። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ተበሳጭቼበታለሁ። የዚያን ማታ የነገርኳትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ጌሙን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ወንድና ሴት ውሻ ትመርጣላችሁ፣ ታዳቅላላችሁ፣ ቡችሎች ይወለዳሉ። ቡችሎቹ ከእናትና ከአባታቸው ይወርሳሉ። ሲያድጉ ሾው ላይ ታስገቧቸዋላችሁ። ዳኛው ራሱ ጌሙ ነው። ኮምፒውተር ላይ ውሻ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። ዶግዝ የሚባለው ጌም የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ2005 የመጣው ኒንቴንዶግስ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ተጫዋች አግኝቷል። እሱ ላይ ግን የሚታየው ውሻው ትእዛዝ መስማቱ፣ መሰናክል መዝለሉ፣ የተወረወረ ዲስክ መቅለቡ ነው። ያ የሥራ ውድድር ነው። የእኛው የአቋም ውድድር ነው። ውሻው እንዴት ሆኖ ተፈጠረ፣ ጥያቄው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ውስጥ ብዙ ቤት ውሻ አይገባም። አንዱ በሃይማኖቱ፣ ሌላው ግቢ ስለሌለው። እኛም ቤት ውሻ ኖሮ አያውቅም። የእህቴ ልጅ ስለ ውሻ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው በዚህች ስልክ ነው። ሰው «ጌም ላይ ተጥዳ ዋለች» ሲላት እኔ አልስማማም። እዚያ ውስጥ የምትማረው የዘር ውርስ ሕግ እውነተኛው ሕግ ነውና።

ወደ ዳኝነቱ እንምጣ። መጀመሪያ ከጭንቅላት መውጣት ያለበት «ቆንጆዋ ታሸንፋለች» የሚለው ነገር ነው። ዳኛ ውሾቹን ደርድሮ የቱ ያምራል አይልም። ለእያንዳንዱ ዝርያ የተጻፈ መስፈርት አለ። ጭንቅላቱ እንዲህ ይሁን፣ ጀርባው እንዲህ፣ ጭራው እንዲህ ይላል። ዳኛው እያንዳንዱን ውሻ ከዚያ ጽሑፍ ጋር ያመሳክራል። ኒውዮርክ ላይ ከ1877 ጀምሮ የሚካሄደው የዌስትሚኒስተር ሾው፣ እንግሊዝ አገር ደግሞ ከ1891 ጀምሮ የሚካሄደው ክራፍትስ የሚዳኙት በዚሁ መንገድ ነው። የመጨረሻው ዙር ላይ እፍኝ የማትሞላ ቺዋዋ ጥጃ ከሚያህል ግሬት ዴን ጎን ትቆማለች። እነዚህን ማን ያወዳድራል? ዳኛው ቺዋዋዋን በቺዋዋ መስፈርት፣ ግሬት ዴኑን በግሬት ዴን መስፈርት ይመዝናል። ለየራሱ መስፈርት ይበልጥ የቀረበው ያሸንፋል።

ለድሬና ለሐረር ሰው ይሄን በቡና ማስረዳት ይቀለኛል። የሐረር ቡና ደረጃ ሲወጣለት ጥሬው 40 ነጥብ፣ ቅምሻው 60 ነጥብ ይይዛል። ቀማሹ ስኒው ላይ ጎንበስ ብሎ ፉት ሲል የራሱን አምሮት እያዳመጠ አይደለም። የሐረር ቡና በፀሐይ የደረቀ ነው፤ ነጋዴው ሞካ የሚለው የራሱ ጣዕም አለው። ቀማሹ የሚፈልገው እሱን ነው። የይርጋጨፌ ዓይነት የአበባ ሽታ እዚያ ስኒ ውስጥ ቢያገኝ ቡናው ግሩም ሊሆን ይችላል። የሐረር ቡና ብሎ ግን አይፈርምለትም።

ሎሚም እንደዚያ ስኒ ናት። ታምራለች። ጥያቄው «ላብራዶር ሆና ስትታይስ?» የሚለው ነው።

ላብራዶር ሲባል መስፈርቱ ምን ይላል? ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን የወንዱ ቁመት ከመሬት እስከ ትከሻ ከ56 እስከ 57 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቷ ከ54 እስከ 56 ቢሆን ይመረጣል ይላል። ልዩነቷ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ልብ በሉ። ጭራው ከሥሩ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ረጅም ጸጉር አይንጠለጠልበትም። የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን እንደ መቀስ ተጠግቶ ያልፈዋል። ቀለሙ ጥቁር፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። ባቢሌ ግመል ገበያ የቆመ ሰው ይሄ አይገርመውም። ገዢው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ እግሩን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። የውሻ ዳኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጌሙ እጅ ስለሌለው ሁሉንም በቁጥር ይተካዋል።

ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል። ሌላ ጌም የለመደ ሰው ቁጥር ሲበዛ ይሻላል ብሎ ያስባል። ጉልበት 90 ከ80 ይበልጣል፤ ፍጥነትም እንዲሁ። አቋም ላይ ግን ትክክለኛው ቁጥር ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ነው ያለው። የጀርባ ርዝመት ከ0 እስከ 100 ቢለካ፣ 0 በጣም አጭር፣ 100 በጣም ረጅም ነው። የሚፈለገው 50 ከሆነ 70 ያላትም 30 ያላትም እኩል ርቀዋል። የእህቴ ልጅ የሎሚን የጀርባ ቁጥር 71 አድርሳ «በየትውልዱ እያሻሻልኩት ነው» ብላ ታምን ነበር። በየትውልዱ እያራቀችው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አምስት ነገር ይለካል እንበል፦ ጭንቅላት፣ ጀርባ፣ እግር፣ ጸጉር፣ ጭራ። ለሁሉም ትክክሉ 50 ነው። አንደኛዋ ውሻ 50፣ 50፣ 50፣ 50 ኖሯት ጭራዋ ብቻ 30 ነው። ሁለተኛዋ 54፣ 46፣ 54፣ 46፣ 54 ናት። የሁለቱም ስህተት ቢደመር 20 ነው። እኩል ናቸው ማለት ነው? እንደ አቆጣጠሩ ነው። እያንዳንዱ ስህተት በራሱ ተባዝቶ ከተደመረ የመጀመሪያዋ 400 ይወጣባታል፤ የሁለተኛዋ 16 አምስት ጊዜ፣ 80 ብቻ ነው። በዚህ አቆጣጠር አንድ ትልቅ ጉድለት ከብዙ ትናንሽ ጉድለቶች ይልቅ ይጎዳል። የሰው ዳኛም ዐይን ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። በሁሉም በኩል በትንሽ በትንሹ የጎደለች ውሻ አጠቃላይ ስትታይ ሚዛኗን ትጠብቃለች። አንድ ቦታ ላይ የተበላሸች ውሻ ስትታይ ግን ዐይን እዚያው ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ጌሞች ስሌታቸውን በየራሳቸው መንገድ ይሠሩታል፤ ብዙዎቹም ሸፍነው ይይዙታል። ተጫዋቹ ከውጤት ተነስቶ ነው የሚገምተው። ለዚህ ደግሞ አንድ ሾው አይበቃም። ብዙ ጌም ውስጥ ትንሽ የዕድል ነገር ይጨመርበታል፤ ያው ውሻ ዛሬ ሁለተኛ፣ ነገ አምስተኛ ሊወጣ ይችላል። ማን አብሮ እንደቀረበም ይወስናል። ከሦስት አንደኛ መውጣትና ከሃያ ሁለተኛ መውጣት አንድ አይደለም። እኔ ቢያንስ አሥር ሾው ሳላይ ስለ አንድ ውሻ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

እስካሁን ያልነው ስለሚታየው ነገር ነው። አሁን ስለማይታየው። እኔ ይህን ጌም እንድወደው ያደረገኝ ይሄኛው ክፍል ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ውሻ የእያንዳንዱን ባሕርይ መመሪያ፣ ማለትም ዘረመሉን፣ በጥንድ ነው የሚይዘው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። የጀርባ ርዝመትን ሁለት ጥንድ ዘረመል ይወስኑታል እንበል። በእውነቱ ከዚያ በላይ ናቸው፤ ለምሳሌ ይበቃናል። «ረ» የሚያስረዝም፣ «አ» የሚያሳጥር ይሁን። አራቱም ረ ከሆኑ ውሻው በጣም ረጅም ነው። አራቱም አ ከሆኑ በጣም አጭር። ሁለት ረ እና ሁለት አ ከሆነ ልክ መስፈርቱ ላይ ያርፋል።

አሁን ሁለት ውሾች አቁሙ። የመጀመሪያው ረረ-አአ ነው። ሁለተኛው ረአ-ረአ ነው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ረ አላቸው። ጀርባቸው እኩል ነው። ዳኛው እኩል ነጥብ ይሰጣቸዋል። ሾው ላይ በምንም አይለዩም።

ልጅ ሲወልዱ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ረረ-አአ ከመሰሉ ጋር ቢዳቀል ከመጀመሪያው ጥንድ ረ ብቻ፣ ከሁለተኛው አ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቡችሎቹ ሁሉም ረረ-አአ ናቸው፤ ሁሉም ልክ ናቸው። ረአ-ረአ ከመሰሉ ጋር ሲዳቀል ግን ልጆቹ ይበተናሉ። በአማካይ ከ16 ቡችሎች 6ቱ ብቻ ልክ ይሆናሉ። 4ቱ ረዘም፣ 4ቱ አጠር ይላሉ፤ አንዱ በጣም ረጅም፣ አንዱ በጣም አጭር ይወጣል። ያው ነጥብ፣ ያው ዋንጫ፣ ግን አንዱ ቤት የሚያቆም ውሻ ነው፣ አንዱ አይደለም።

ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድም እዚህ አለ። «የእኔዋ ጀርባ ረጅም ስለሆነ አጭር ወንድ ፈልጌ አመጣጥናለሁ» ይላል። አራት ረ ያላትን ምንም ረ ከሌለው ጋር ያዳቅላል። የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች ሁሉም ልክ ይወጣሉ! ጮቤ ይረግጣል። ግን ሁሉም ረአ-ረአ ናቸው። እነሱ ሲወልዱ የአያቶቻቸው ጉድ ተመልሶ ይመጣል። ረጅሟን ማስተካከል የፈለገ ሰው ልክ የሆነ፣ ልክ የሆኑ ልጆችንም የሚወልድ ወንድ ቢፈልግ ይሻለዋል። ቀስ ይላል እንጂ ይጸናል።

የማይታየው ነገር አንዳንዴ ዐይናችን ስር ተቀምጦ ይጠብቃል። ወደ ሎሚ ልመለስ። ስልኩን ተቀብዬ ፊቷን አጎላሁት። ጸጉሯ ወርቅ ይመስላል። አፍንጫዋን አየሁት። ቡናማ ነው።

«አፍንጫዋን አይተሽዋል?» አልኳት።

«ያምራል አይደል? ከጸጉሯ ጋር ይሄዳል!»

አዎ፣ ይሄዳል። ግን ለቢጫ ላብራዶር የአሜሪካው መስፈርት ጥቁር አፍንጫ ይላል፤ ቡናማ አፍንጫ የቡናማ ላብራዶር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የላብራዶርን ቀለም በዋናነት ሁለት ዘረመሎች ይወስኑታል። አንደኛው ጥቁር ወይስ ቡናማ ይላል፤ ጥቁሩ ያይላል። ቡናማ ለመሆን ከእናትም ከአባትም ቡናማውን መውረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ያ ቀለም ጸጉር ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር ይላል። «ይቅር» የሚለውን ከሁለቱም ወላጅ የወረሰች ውሻ ጸጉሯ ቢጫ ይሆናል። ከስር ጥቁር ትሁን ቡናማ ጸጉሯ አይናገርም፤ አፍንጫዋ ግን ይናገራል። ሎሚ ቢጫ ካፖርት የደረበች ቡናማ ውሻ ናት።

ስድስተኛ የወጣችበት ምክንያት ተገኘ፤ 71 የሆነው ጀርባዋና አፍንጫዋ።

«ታዲያ ልሽጣት?» አለች። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

መሸጥ አያስፈልግም። የሎሚ ጭንቅላትና ጸጉር በጣም ጥሩ ነው። የሚያስፈልጋት አፍንጫው ጥቁር የሆነ፣ ጀርባው ልክ የሆነ ቢጫ ወንድ ነው። ከቢጫና ከቢጫ የሚወለደው ሁሉም ቢጫ ነው፤ እዚያ ላይ ስጋት የለም። ስጋቱ አፍንጫው ላይ ነው። ወንዱ ሁለቱም ዘረመሉ ጥቁር ከሆነ ቡችሎቹ ሁሉም ጥቁር አፍንጫ ይኖራቸዋል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ድብቅ ቡናማ ከሆነ ግን ግማሾቹ እንደ እናታቸው ይወጣሉ። በመልክ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በልጆቹ ግን ይቻላል። ሌላ ተጫዋች ቤት አንድ ወንድ አገኘን። ጌሙ የዘር ሐረጉን ያሳያል። ከዚህ በፊት ከሁለት ቡናማ እናቶች ዘጠኝ ቡችሎች ወልዷል። አንድም ቡናማ አፍንጫ የለም። ቡናማ ደብቆ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ቡችላ ቡናማ የመውጣት ዕድሉ እኩል በእኩል ነበር፤ ሳንቲም እንደ መወርወር። ሳንቲም ዘጠኝ ጊዜ ተወርውሮ ዘጠኙንም ጊዜ አንበሳው ቢወጣ? ከ512 አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። የእህቴ ልጅ በስልኳ ካልኩሌተር ሁለትን በሁለት ስምንት ጊዜ እያባዛች ራሷ አወጣችው። ዐይኗ ሲበራ አየሁ። ይህን ዓይነት ሒሳብ መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል አተር እየተከለ አግኝቶት በ1866 አሳተመው። እሷ ከዚራ ተቀምጣ አገኘችው።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኳት። ቤቷ ውስጥ የሎሚ ወንድም አለ፤ ጀርባው ልክ ነው፣ በነጻም ነው። እሱን ልትጠቀም ፈልጋ ነበር። እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በከንቱ አይደለም። የዘር መቀራረብን የሚለካው ስሌት ከ1922 ጀምሮ አለ፤ ሲዋል ራይት የሚባል አሜሪካዊ ነው ያወጣው። ወላጆቻቸው የማይዛመዱ እህትና ወንድም ሲዳቀሉ ልጁ ላይ 25 በመቶ ይመጣል። የአጎትና የአክስት ልጆች ሲሆኑ 6.25 በመቶ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ተደብቀው የኖሩ ችግሮች ጥንድ ሆነው የመገናኘት ዕድላቸው ይጨምራል። ጌሙም ይህን ይቆጥራል፤ ቡችሎቹ ያነሱ ይሆናሉ፣ ጤናቸውም ይቀንሳል። እውነተኛ ውሾች ላይ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። ሜርል የሚባለውን ዥንጉርጉር ቀለም የያዙ ሁለት ውሾች ቢዳቀሉ ከአራት ቡችሎች በአማካይ አንዱ ቀለሙን ከሁለቱም ይወርሳል፤ ያ ቡችላ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆኖ የመወለድ አደጋው ከፍተኛ ነው።

መስፈርቱ ራሱም ሊሳሳት ይችላል። ፊቱ ይጠር፣ ይጠር እየተባለ የተመረጠ ውሻ መተንፈስ እስኪያቅተው ደርሷል፤ ፐግና ቡልዶግን ያየ ያውቃል። የዝርያዎችን መስፈርት የሚያወጣው የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ በ2009 የብዙ ዝርያዎችን መስፈርት የከለሰው እንዲህ ያለው ነገር ስለበዛ ነው። የጌም ውሻ አይታነቅም። ቢሆንም የእህቴ ልጅ አንድ ቀን እውነተኛ ውሻ ብትይዝ ይህን አውቃ እንድትይዝ እፈልጋለሁ።

ወንዱን ተከራየችው። ያጠራቀመችው የጌም ገንዘብ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

ትናንት ማታ ስድስት ተወለዱ። መብራት ጠፍቶ ነበር። በረንዳ ላይ ወጥተን በስልኩ ብርሃን አየናቸው። ስድስቱም ቢጫ፤ እያንዳንዳቸውን እያጎላች አፍንጫቸውን አሳየችኝ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። ስድስቱም ጥቁር። ጀርባቸው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። 58፣ 66፣ 61፣ 54፣ 63፣ 60።

«ሃምሳ አራቷን ነው የማስቀረው» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፦ «ቆይ አጎቴ፣ እሷ ረረ-አአ ትሁን ረአ-ረአ በምን አውቃለሁ?»